ዓይኑ ቢጫ ለሆነው ወንድምሽ

እህቴ፣ «ወንድሜ የአእምሮ መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ላቋርጠው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። የእኔም ወንድም እንዲሁ ሆኖ ነበር።

1. ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰጂው። እናቴ «የወፍ በሽታ ነው» ብላ ሥር ስታስቀቅልለት ሁለት ሳምንት አለፈ። በታመመ ጉበት ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ሥር!

2. የሚውጠውን ሁሉ ከነማሸጊያው በፌስታል ያዢ። የአእምሮ ክሊኒኩና የውስጥ ደዌው ካርድ አይተዋወቁም። እኛ ባዶ እጃችንን ሄደን ካርድ ክፍሏ «የአእምሮ ከሆነ እዚያ ማዶ ነው» ብላ ሁለት ጊዜ መለሰችን። በሦስተኛው ቀን ያገኘነው ሐኪም ደግሞ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው «ድሬዳዋ ተቀምጦ የማይቅም አለ? ጫቱ ነው» አለን። ጫት ጉበት አይጎዳም አልልም፤ ሐረር ውስጥ የተደረገ ጥናትም ለሥር የሰደደ የጉበት በሽታ እንደሚያጋልጥ አሳይቷል። ወንድሜ ግን ከተወ ዓመት አልፎት ነበር። ማን ይስማኝ!

3. መድኃኒቱን በራስሽ አታቋርጪ። እኔ ከዚያ ሐኪም ተናድጄ ተመለስኩና ኪኒኑን በሙሉ ጣልኩት። በአምስተኛው ሌሊት እንቅልፍ አጣ፤ በስድስተኛው ከቤት ወጣ፤ ጎሕ ሲቀድ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ባዶ እግሩን አገኘነው። ባዶ ማሸጊያዎቹን ከቆሻሻ ለቅሜ ለአእምሮ ክሊኒኩ ነርስ ዘረገፍኩላት። እሷ አንዱን አነሳች፦ ክሎርፕሮማዚን፣ ከአእምሮ መድኃኒቶቹ አንዱ። በአንዳንድ ሰው ላይ የሐሞትን ፍሰት ያውካል፤ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይታያል አለችኝ። ለካስ ዓይኑ ቢጫ ከመሆኑ በፊት ገላውን ሲያሳክከው፣ ሽንቱም እንደ ሻይ ሲጠቁር የነበረው ለዚህ ነው፤ እኛ በድሬ ሙቀት አሳብበን ነበር። ሌሎቹን ያለ ጥፋታቸው ነው የጣልኳቸው።

የክሊኒኩ ሐኪም ክሎርፕሮማዚኑን ብቻ በሌላ ቀየረችለት፤ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም አዘዘችለት። ከዚያ ወዲህ የኤስጂፒቲ (የጉበት የደም ምርመራ) ውጤቱን በየጊዜው በደብተር እጽፋለሁ። አሁን ስንገባ ሐኪሟ ከካርዱ በፊት የምትጠይቀው ደብተሬን ነው።

የአንቺ ወንድም የሚወስደው ቫልፕሮኤት (ለሚጥልና ለስሜት መዋዠቅ የሚሰጥ መድኃኒት) ከሆነና ማስታወክ ወይም መፍዘዝ ካለው ግን ተራ አትጠብቂ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ግቢ። ማዶ ሂዱ ቢሉሽም አትነሺ።