በኮምሶል ሞዴል ውስጥ የአንድ ነጥብ ሙቀት እንዴት ይወጣል?

ጥያቄ፦ በኮምሶል (የፊዚክስ ስሌት ማስመሰያ ሶፍትዌር) የአሉሚኒየም ሂት ሲንክ (ሙቀት ማስወገጃ) ሞዴል ሠርቻለሁ፤ አሃዱ ሚሊሜትር ነው። ቴርሞኮፕሉ (የሙቀት መለኪያ ዳሳሹ) የሚገባበትን ቦታ ሙቀት ብቻ ነው የምፈልገው። ፖይንት ኢቫሉዌሽን (የነጥብን ዋጋ የሚያወጣው መሣሪያ) የሚያስመርጠኝ የጂኦሜትሪውን ማዕዘኖች ብቻ ነው። ከት ፖይንት (በኮኦርዲኔት የሚሰጥ ነጥብ) ብሞክር ደግሞ ሠንጠረዡ ላይ የሚወጣው «ናን» (NaN፣ ቁጥር ያልሆነ) ነው።

መልስ፦ ፖይንት ኢቫሉዌሽን ሶሉሽኑን በቀጥታ ሲያነብ የሚያውቀው በጂኦሜትሪው ላይ ያሉ ነጥቦችን ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ላለ ቦታ ነጥቡ ራሱ ዳታሴት (ውጤት የሚነበብበት የመረጃ ምንጭ) ሆኖ መፈጠር አለበት። ሪዘልትስ ሥር ዳታሴትስን በቀኝ ጠቅ አድርገው ከት ፖይንት 3ዲ ይጨምሩ፣ ኮኦርዲኔቶቹን ያስገቡና ፕሎት ይበሉ። ነጥቡ ያሰቡት ቦታ ማረፉን በዓይንዎ ሳያዩ አይለፉ። ቀጥሎ በዴራይቭድ ቫልዩስ ሥር ፖይንት ኢቫሉዌሽን ይክፈቱ፤ ዳታሴቱን ወደ ከት ፖይንቱ ቀይረው፣ የሙቀቱን ተለዋዋጭ ጽፈው ኢቫሉዌት ይጫኑ።

«ናን» ማለት ነጥቡ ከቁሱ ውጭ ነው ማለት ነው። መጀመሪያ አሃዱን ይፈትሹ፦ ኮኦርዲኔቱ የሚነበበው በጂኦሜትሪው አሃድ ስለሆነ ለ12 ሚሊሜትር የሚጻፈው 12 እንጂ 0.012 አይደለም። እንዲያውም የባሰው 0.012 ጽፈው ነጥቡ ቁሱ ውስጥ ሲያርፍ ነው፤ ቁጥር ይወጣል፣ ግን የሌላ ቦታ ቁጥር ነው። ለቴርሞኮፕሉ ቀዳዳ ሠርተው ከሆነም የቀዳዳው መሃል ባዶ ነው፤ ነጥቡን ወደ ግድግዳው ያስጠጉ። ጠመዝማዛ ገጽ ላይ ደግሞ ሜሹ (ሞዴሉ ለስሌት የተከፋፈለበት መረብ) ገጹን በግምት ስለሚከተል ነጥቡ በጥቂት ማይክሮሜትር ውጭ ሊቀር ይችላል። ያኔ ስናፕ ቱ ክሎዘስት ባውንደሪ የሚለውን ምልክት ያድርጉበት።

ብዙ ነጥብ ካለዎት አንድ በአንድ አይልፉ። በኤክስፖርት ሥር ዳታ ውስጥ ነጥቦቹን ከፋይል ማንበብ ይቻላል፤ እያንዳንዱ መስመር የአንድ ነጥብ ሦስት ኮኦርዲኔቶች ነው። በጊዜ ለሚለዋወጥ ስሌት ግን ዶሜይን ፖይንት ፕሮብን (በስሌቱ ጊዜ ነጥቡን የሚከታተል መለኪያ) ከማስላትዎ በፊት ቢያስገቡ ይሻላል፤ ሶልቨሩ (ስሌቱን የሚፈታው ክፍል) የወሰደውን እያንዳንዱን እርምጃ እንዲመዘግብ ማድረግ ይችላሉ። ከስሌቱ በኋላ ካስገቡት አፕዴት ሶሉሽን የሚለው ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ የሚያገኙትም የተቀመጡትን ጊዜያት ብቻ ነው።

ቁጥሩ መውጣቱ ብቻውን ለመታመን አይበቃም። ሙቀት በቀጥታ የተፈታ ተለዋዋጭ ስለሆነ በኤለመንቶች (በሜሹ ትናንሽ ክፍሎች) መካከል አይዘልም። የሙቀት ፍሰት ግን ከሙቀቱ ለውጥ የሚሰላ ነውና ከአንዱ ኤለመንት ወደ ሌላው ይዘላል፤ ሁለት ቁሶች የሚገናኙበት ገጽ ላይ በትክክል ነጥብ ካስቀመጡ የየትኛው ወገን ንባብ እንደሆነ አያውቁም። በየወገኑ አንድ አንድ ነጥብ ያስቀምጡ። ከዚያ በነጥቡ ዙሪያ ያለውን ሜሽ በግማሽ አሳንሰው እንደገና ያስሉ። ሙቀቱ ከቴርሞኮፕሉ የስህተት ወሰን ባነሰ መጠን ከተለወጠ ያቁሙ። ወደ ውስጥ የታጠፈ ሹል ማዕዘን ላይ ያለ የሙቀት ፍሰት ግን ሜሹ በደቀቀ ቁጥር ያለገደብ ያድጋል፤ እዚያ የሚነበበው ቁጥር ትርጉም ስለሌለው ማዕዘኑን በትንሽ ራዲየስ ያዙሩት ወይም ከእሱ ራቅ ብለው ያንብቡ።

ቦታው የማይቀየር ከሆነ ሌላም አማራጭ አለ፦ ጂኦሜትሪው ውስጥ ፖይንት ያስገቡ። ሜሹ እዚያው ላይ ኖድ (የመረቡን መገናኛ ነጥብ) ያስቀምጣል፣ ነጥቡም ያለ ከት ፖይንት ከምርጫው ውስጥ ይገኛል። ሜሹንና ስሌቱን ግን እንደ አዲስ ማስኬድ ይጠይቃል።