ካርትሪጅ ቤት ውስጥ ስለመሙላት፦ ጥያቄና መልስ

ስድስት ኪሎ አካባቢ የኮፒና የጽሕፈት ቤት ከከፈትኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በእጄ የሞላሁትን ካርትሪጅ (የፕሪንተር ቀለም መያዣ) ቆጥሬው አላውቅም። ዛሬ እሑድ ስለሆነ ሱቄ ዝግ ነው፤ ስለ ፕሪንተር ቀለም መሙላት ጥያቄ ያለው ሁሉ ይጠይቅ፣ የማውቀውን ሳልቆጥብ እመልሳለሁ። ከመጀመሪያው አንድ ነገር ልበል፦ ወደ እኔ ሞቶ ከሚመጣው ካርትሪጅ አብዛኛው የሞተው ባለቤቱ ቀለሙ ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ስለጠበቀ ነው። ጽሑፉ መሳሳት ሲጀምር፣ ያኔውኑ ሙሉት።

ጥያቄ (የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዳማ)፦ የልጆቼን የቤት ሥራ የማወጣበት ኤችፒ ዴስክጄት አለኝ፤ ካርትሪጁ ቁጥር 652 ነው። አዲስ ልገዛ ብሄድ ዋጋው የፕሪንተሩን ሊያክል ምንም አልቀረው። እውነት መሙላት ያዋጣል?

መልስ፦ ያዋጣል እህቴ። 652 ጥቁሩ 360 ገጽ ያህል፣ ባለቀለሙ ደግሞ 200 ገጽ ያህል እንደሚያወጣ ነው ፋብሪካው የሚናገረው፤ ያውም ገጹ ላይ ያለው ጽሑፍ ሳሳ ያለ ሲሆን ነው። ውስጡ ያለው ቀለም ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ያነሰ ነው። አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ባለ 100 ሚሊ ሊትር ጥቁር ቀለም ገዛሽ እንበል። በአንድ ጊዜ 5 ሚሊ ሊትር ብትሞዪ ጠርሙሱ 20 ጊዜ ይሞላል። ግማሹ ሶፍት ላይና በጽዳት ቢባክን እንኳ 10 ጊዜ ነው። የጠርሙሱን ዋጋ ከአንድ አዲስ ካርትሪጅ ዋጋ ጋር አስተያዪውና ፍረጂ። ካርትሪጁ ራሱ በእኔ እጅ ከ5 እስከ 8 ጊዜ ያህል ይሞላል፤ ከዚያ ቀለሙን የሚረጨው ጫፉ (ኖዝሉ) ይደክማል።

ነገር ግን በወር አምስት ገጽ ብቻ የምታወጪ ከሆነ አትድከሚ። ሳትጠቀሚበት ይደርቅብሻል። ሰፈርሽ ያለው ኮፒ ቤት ይረክስልሻል።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ከጎንደር)፦ የእኔ ፕሪንተር ኤፕሰን ነው። እንደ ኤችፒው በመርፌ ይሞላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ኖዝሉ የት እንዳለ እወቅ። ኖዝል ማለት ቀለሙ የሚረጭባቸው ከፀጉር የቀጠኑ ቀዳዳዎች ናቸው። በአብዛኛው የቤት ኤችፒና ካኖን ኖዝሉ ያለው ካርትሪጁ ላይ ነው፤ ካርትሪጁ ቢበላሽ ሌላ ትገዛለህ፣ ፕሪንተርህ ደህና ነው። ኤፕሰን ላይ ግን ኖዝሉ ያለው ፕሪንተሩ ውስጥ ነው። መጥፎ ቀለም ካስገባህበት የሚጎዳው ፕሪንተሩ ራሱ ነው። ካርትሪጁ ላይም ቺፕ አለ፤ ብትሞላው እንኳ ቺፑ "ባዶ ነው" ብሎ ይከለክልሃል።

የኤል ተከታታይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኤል 3110 ወይም ኤል 3250፣ ከነጭራሹ መርፌ አያስፈልግህም። ጎኑ ላይ ታንከር አለው፤ ከጠርሙስ መገልበጥ ብቻ ነው። ኤፕሰን ይህን ባለ ታንከር ፕሪንተር መጀመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ነው፤ እዚያ ሰዉ በየቤቱ ቱቦ እየቀጠለ ሲሞላ ስላየ ነው። እኛ በመርፌ የምንሠራው ነገር ፋብሪካውን መንገድ አስለውጧል ማለት ነው።

ስለ መርፌ ካነሳን፣ የኤችፒና የካኖን ኖዝል ቀለሙን የሚረጨው በሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 አንድ የካኖን መሐንዲስ የጋለ ብየዳ ቀለም የያዘ መርፌ ላይ ሲነካበት ቀለሙ ፊጭ ብሎ ወጣ፤ የካኖን ቴክኖሎጂ መነሻው ይኸው ነው ይባላል። ዛሬም እያንዳንዱ ቀዳዳ ሥር ደቃቅ ማሞቂያ አለ። ቀለሙ ይፈላል፣ አረፋ ይሠራል፣ አረፋው ጠብታዋን ይገፋታል። ማሞቂያውን የሚያበርደውም ያው ቀለም ነው። ቀለም ሳይኖር ማተም ውሃ የሌለውን ጀበና እሳት ላይ እንደመጣድ ነው፤ ይቃጠላል። ሳያልቅ ሙሉ የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ጥቁሩን በቀላሉ ሞላሁት። ባለ ሦስት ቀለሙን ስሞላ ግን ቢጫው አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ቀለሙ ከጉድጓዱ ሞልቶ ወደ ጎረቤቱ ፈሷል። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብዬ ልንገርህ።

ጠረጴዛው ላይ ፌስታል ዘርጋ፣ ከላዩ አሮጌ ጋዜጣ አንጥፍ። ጓንት አድርግ፤ ማጀንታ (ወደ ሮዝ የሚያደላው ቀይ) ጣት ላይ ከፈሰሰ ቀናት ይቆያል። ከመድኃኒት ቤት ሦስት ስሪንጅ ግዛ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ አንድ። የካርትሪጁን የላይ ወረቀት ከጥጉ ጀምረህ በጥፍርህ ላጠው፤ አትጣለው፣ ትመልሰዋለህ። ከሥሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። የትኛው ቀዳዳ የየትኛው ቀለም እንደሆነ ከቪዲዮ አትቅዳ፣ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ስቴኪኒ አስገብተህ ስፖንጁን ንካና አውጣው፤ ጫፉ ላይ ያለው ቀለም ይነግርሃል። በየቀዳዳው አዲስ ስቴኪኒ ተጠቀም፣ ያየኸውንም ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍ።

አሁን 2 ሚሊ ሊትር ብቻ ሳብ። መርፌውን ስፖንጁ መሐል ድረስ አውርደህ ጠብ ጠብ እያደረግህ ግፋ፤ ለ2 ሚሊ ሊትር ሁለት ደቂቃ ስጠው። ስፖንጅ ደረቅ መሬት ዝናብ እንደሚጠጣ ነው የሚጠጣው፦ ቀስ ብሎ ሲወርድ ይሰርጋል፣ በአንዴ ሲወርድ ጎርፍ ይሆናል። ቀለሙ ቀዳዳው አፍ ላይ ብልጭ ሲል አቁምና ትንሽ መልሰህ ሳብ።

ከዚያ ሶፍት አራት አጥፈህ በለብ ያለ ውሃ አርጥብ፣ ጨምቀው። ኖዝሉን ሳትፈትግ አምስት ሰከንድ ተጫንበት። ስታነሳው ሦስት ቀጥ ያሉ መስመሮች ጎን ለጎን መታየት አለባቸው፦ ቢጫ፣ ማጀንታ፣ ሲያን (ሰማያዊው)። መስመሩ ከተቆራረጠ ደጋግመህ ተጫን። ቢጫው መሐል አረንጓዴ ካየህ ንጹሕ ቢጫ እስኪወጣ ድረስ አዲስ ሶፍት እየቀየርክ ተጫን፤ ያንተም መፍትሔው ይኸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይጠራል።

ወረቀቱን ስትመልስ አየር መግቢያውን አትድፈን። ፕላስተር የምትለጥፍ ከሆነ በስስ መርፌ ብሳው። አየር ካልገባ ቀለሙ አይወርድም፣ አሥር ገጽ አውጥቶ ቀጥ ይላል። የመዳብ ነጥቦቹን በጣትህ አትንካ፤ ከነካህ አልኮል በነካው ጨርቅ ጥረግ።

ጥያቄ፦ ከሞላሁ በኋላም ቀለም የለም ይለኛል። ካኖን ነው።

መልስ፦ ፕሪንተሩ ቀለሙን አያየውም፤ የረጨውን ጠብታ እየቆጠረ ነው የሚገምተው። ስለዚህ መሙላትህን አያውቅም። ብዙዎቹ ካኖኖች ኢ13 ወይም ኢ16 ሲያሳዩ የ"ስቶፕ" ቁልፉን ከ5 ሰከንድ በላይ ተጭነህ ያዝ፤ ቆጠራውን ያቆማል። ከዚያ ወዲህ መለኪያው አይሠራም፣ መለኪያህ ዓይንህ ነው። ኤችፒ ላይ "የተሞላ ወይም ያገለገለ ካርትሪጅ" የሚል መልእክት ሲመጣ "ኦኬ" ብለህ እለፍ።

ጥያቄ፦ የማኅተም ቀለም ብጨምርበትስ? ወይም ቀለሙን በውሃ ባቀጥነው?

መልስ፦ ሁለቱንም ተው። ይደፍነዋል ወይም ይረጫል። የጥቁሩንም ጠርሙስ ለይተህ ግዛ፦ የኤችፒና የካኖን ጥቁር በአብዛኛው ፒግመንት (ደቃቅ ዱቄት የተበተነበት ቀለም) ነው፣ ባለቀለሞቹ ዳይ (ፈሳሹ ውስጥ የሟሟ ቀለም) ናቸው። ሁለቱ ሲደባለቁ ሊረጉ ይችላሉ።

ጥያቄ (የሰንበት ትምህርት ቤት ጸሐፊ፣ ከደሴ)፦ የምስክር ወረቀት አትመን ግድግዳ ላይ ሰቀልን፤ በስድስት ወሩ ማጀንታው ጠፍቶ ፊቱ ሁሉ ወየበ።

መልስ፦ ዳይ ቀለም ፀሐይ አይችልም፣ ውሃም አይችልም። የሚሰቀለውንና የሚቀመጠውን ነገር ከመስኮት አርቁት፣ መስታወት ውስጥ አድርጉት። ስምና ማኅተም ያለበትን ጽሑፍ በፒግመንት ጥቁር አውጡ፤ ውሃ ቢነካው እንኳ ይነበባል። ልጆቹ የደከሙበት ወረቀት ስለሆነ፣ ለዚህስ ደህና ቀለም ብትገዙ ይሻላል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ በክረምት ዕረፍት ሁለት ወር ሳልጠቀም ቆየሁ፤ አሁን ነጭ ወረቀት ብቻ ያወጣል። ፕሪንተሩ ራሱ ኖዝሉን የሚያጸዳበትን ትእዛዝ ሰባት ጊዜ ሰጠሁት።

መልስ፦ እህቴ፣ ጽዳቱን አቁሚ! እያንዳንዱ ጽዳት ቀለም ይመጥጣል፣ በተከታታይ ከሦስት ጊዜ በላይ አታድርጊ። ካርትሪጁን አውጪ። የቡና ሲኒ ማስቀመጫ ላይ ለብ ያለ ዲስቲልድ ውሃ አፍስሺ፣ ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ኖዝሉ ብቻ እንዲነካው አድርገሽ አምስት ደቂቃ አቆዪው። ቀለሙ ውሃው ውስጥ እንደ ጭስ ክር እየሠራ ሲወርድ ታያለሽ፤ እሱን ካየሽ ተስፋ አለ። ከዚያ ወደ እርጥቡ ሶፍት። አንዴ እምቢ ካለ ደግመሽ ሞክሪ፣ ሦስቴ እምቢ ካለ ግን ተቃጥሏል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ምክንያት ደግሞ መብራት ነው። ፕሪንተሩ በራሱ ቁልፍ ሲጠፋ ካርትሪጁን ወደ ማረፊያው ወስዶ ኖዝሉን በላስቲክ ይከድነዋል። መብራት እያተመ ሳለ ከሄደ ግን ኖዝሉ ክፍት ሆኖ ባለበት ይቀራል፤ ከሶኬት መንቀልም ያው ነው። ስለዚህ መብራት ሲመለስ አብሪውና በቁልፉ አጥፊው። በሳምንት አንዴ ደግሞ ሁሉም ቀለም ያለበት አንድ ገጽ አውጪ። ይህችን ብቻ የሚያደርጉ ደንበኞቼ ካርትሪጅ የሚገዙት ከሌላው በግማሽ ነው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)፦ ለወንድሜ ፕሪንተር ወደ አዲስ አበባ ልልክለት ነው። እዚያ ቀለም ያገኝለታል?

መልስ፦ ከመላክህ በፊት ሦስት ነገር እይ። ኤችፒ ካርትሪጆቹን በአካባቢ ከፋፍሏቸዋል፦ አሜሪካ 67 የሚባለው አውሮፓ 305 ነው፣ አንዱ በሌላው ቦታ ላይሠራ ይችላል። ሁለተኛ፣ በወር ክፍያ የሚመጡት የ"ኢንስታንት ኢንክ" ካርትሪጆች ክፍያው ሲቋረጥ ውስጣቸው ቀለም እያለ ማተም ያቆማሉ፤ "ኤችፒ ፕላስ" የገባ ፕሪንተር ደግሞ ዕድሜ ልኩን ኦሪጅናል ቀለም ነው የሚቀበለው። ሦስተኛ፣ ከኋላው 100–240 ቮልት የሚል መኖሩን አረጋግጥ። ወንድሜ፣ እኔን ብትሰማኝ ብሩን ላክለትና ባለ ታንከር እዚሁ ይግዛ።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ ባለ ታንከሬን በመኪና አዲስ አበባ አምጥቼ ብከፍተው ሰማያዊ ፈሶበታል።

መልስ፦ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሽቅብ ስትወጣ የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፣ ታንከሩ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጥና ቀለሙን ይገፋዋል። መንገዱ ላይ ካጋደለ ደግሞ ይብሳል። ሲጫን ቀጥ ብሎ በጠፍጣፋ ይቀመጥ፣ ክዳኖቹ ይጥበቁ፣ ማጓጓዣ መዝጊያ ካለው ይዘጋ። ስትደርስ ቱቦው ውስጥ አየር ካየህ አትደንግጥ፤ አንድ ሁለት ጽዳት አድርግና አንድ ሌሊት አሳርፈው።

ጥያቄ (መምህር፣ ከደብረ ብርሃን)፦ የፈተና ወረቀት በብዛት ነው የማወጣው። ስንት ጠርሙስ ይበቃኛል?

መልስ፦ መምህር፣ ለእርስዎ ኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም የሚረጨው ፕሪንተር) አይሆንም። ያገለገለ ሌዘር ይፈልጉ። የኤችፒ 12ኤ ቶነር (የሌዘሩ ቀለም) 2,000 ገጽ ያህል ያወጣል፣ እሱንም ያስሞሉታል። ቶነር ግን ዱቄት ስለሆነ ቤት ውስጥ ልጆች ባሉበት አይክፈቱት፤ ባለሙያ ይሙላው።

ጥያቄ (ተመራቂ ተማሪ)፦ አሁን ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው። ጥቁሩ ካርትሪጄ ሞተ፣ ጠዋት 62 ገጽ አስረክባለሁ። ኤችፒ ዴስክጄት ነው። እባክህ!

መልስ፦ ባለቀለሙ ካርትሪጅ ቀለም አለው? ካለው ጥቁሩን ከነጭራሹ አውጣው፣ ክዳኑን ዝጋ። ብዙዎቹ ዴስክጄቶች በአንድ ካርትሪጅ ብቻ ማተም ይችላሉ፤ ሦስቱን ቀለም ቀላቅሎ ጥቁር ይሠራልሃል። ትንሽ ወደ ግራጫ ያደላል፣ ይዘገያልም፣ ግን ይነበባል። መጀመሪያ ሁለት ገጽ ብቻ አውጣና እይ።

ጥያቄ፦ ወጣ! ግን 62 ገጽ ይበቃዋል?

መልስ፦ ሥዕሎቹን ለመጨረሻ አቆያቸው፣ ጽሑፉን ቀለም በሚያሳሳው በ"ድራፍት" ሳይሆን፣ እንዲነበብ በመደበኛው አውጣ። በየ15 ገጹ አምስት ደቂቃ አሳርፈው። ማጀንታው መሳሳት ከጀመረ ወዲያው አቁምና ጻፍልኝ፤ እስክትጨርስ አልተኛም።