«ግራፊክስ ካርዱን በኋላ እገዛዋለሁ»

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምፒውተር በራሴ እጅ ልገጣጥም ነው። አዲስ አበባ ሄጄ ልገዛ ያሰብኩት ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር፣ ቢ550 ማዘርቦርድ፣ ባለ 8 ጊጋ ሁለት ዲዲአር4 ራም፣ 500 ጊጋ ኤስኤስዲ እና ፓወር ሳፕላይ ያለው ኬዝ ነው። ግራፊክስ ካርዱን ብር ሳገኝ እጨምራለሁ። ፎቶ ማስተካከልና ቀላል ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው የምሠራበት። መብራቱ ደግሞ ይሄዳል ይመጣል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብርህን ሳታወጣ መጠየቅህ በጣም ጥሩ ነው። ዕቃዎቹ ይግባባሉ። ፕሮሰሰሩም ማዘርቦርዱም ኤኤም4 የሚባለው የመሰኪያ ዓይነት ናቸው፣ ራሙም ለቦርዱ ትክክል ነው። ግን 5600 የራሱ ግራፊክስ (ምስል ወደ ስክሪን የሚልከው ክፍል) የለውም። ያለ ካርድ ብትገጥመው ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጭጭ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ስላየህ ምስል ይሰጣል ብለህ እንዳትሸወድ፤ ያ ቀዳዳ የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ግራፊክስ ካለ ብቻ ነው። አንተ የሚያስፈልግህ ግራፊክስ ውስጡ ያለው 5600ጂ ነው። ያቺ «ጂ» ፕሮሰሰሩ ራሱ ላይ ተጽፋለች፣ አይተህ ክፈል። ኢንቴል ካማረህ ደግሞ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ «ኤፍ» ያለበትን እለፈው፣ እሱም ግራፊክስ የለውም። የቦርዱ ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) አሮጌ ከሆነ 5600ጂን ላያውቀው ስለሚችል ሻጩ እዚያው አፕዴት ያድርግልህ።

ራሙን ሁለት ማድረግህን ወድጄዋለሁ። የ5600ጂ ግራፊክስ የሚጠቀመው ከዚሁ ራም ነው፤ ሁለቱ ሲሆኑ ፍጥነቱ በደንብ ይለያል። ቦርዱ አራት የራም ቦታ ካለው፣ ከፕሮሰሰሩ ጀምረህ ስትቆጥር 2ኛውና 4ኛው ላይ ሰካቸው፣ «ቀጭ» እስኪል ተጫን።

አሁን ወደ ፓወር ሳፕላዩ። እባክህ እዚህ ላይ አትቆጥብ! ከኬዝ ጋር በነፃ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ የተጻፈውን ዋት አይሰጥም፣ ሲቃጠል ደግሞ ማዘርቦርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ኬዙን ባዶውን ግዛና 80 ፕላስ የሚል የኃይል ቁጠባ ምልክት ያለው፣ ስሙ የታወቀ 450 ወይም 500 ዋት ፓወር ሳፕላይ ለብቻው ያዝ። ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ ካለው፣ ሳትሰካ በፊት 230 ላይ መሆኑን እይ። የኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ 115 ላይ ረስተህ ብትሰካው እዚያው ይፈነዳል።

መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀል፣ ሲመለስም ትንሽ ቆይተህ ሰካ፣ ምክንያቱም አደገኛው መሄዱ ሳይሆን ሲመለስ የሚዘለው ቮልት ነው። አቅምህ ከፈቀደ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ግዛ። ሥራህን ሴቭ አድርገህ እስክትዘጋ ያቆይሃል፣ ለረጅም ሰዓት ግን አትጠብቅበት።

የደብረ ብርሃን ብርድ መቼም የታወቀ ነው። ግን ባና ለብሰህ ወይም ብርድ ልብስ ላይ ቁጭ ብለህ እንዳትገጣጥም። በተለይ በደረቁ የታኅሣሥ አየር ሱፍ ሲፋተግ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ፣ ለአንተ ባይሰማህም ራምና ፕሮሰሰር ይጎዳል። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ሥራ፣ ዕቃ ከማንሳትህ በፊትም ቀለም ያልተቀባውን የኬዙን ብረት ንካ።

ሁሉንም ኬዝ ውስጥ በብሎን ከማሰርህ በፊት ማዘርቦርዱን ካርቶኑ ላይ አስቀምጠህ ፕሮሰሰሩን ከነፋኑ፣ ራሙንና ፓወሩን ብቻ አገናኝተህ አስነሳው። ባዮሱ ስክሪን ላይ ከመጣ ካቻቢቴህን አንሳ። ካልመጣ የትኛው ዕቃ እንዳስቸገረ መለየት ይቀልሃል፣ ለመመለስም አትቸገርም። ለዚህ ሲባል ሻጩ ስንት ቀን ድረስ እንደሚቀይርልህ ደረሰኙ ላይ አስጽፈው።