ሦስተኛ ባትሪ ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ፒክአፑ ከተገዛ ገና ሰባት ወሩ ነው። ከመቂ አትክልት ጭነሽ ስትመለሺ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው)፣ የመሪና የሞተር መብራቶች ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ላይ ቦግ ይላሉ፣ ቆይተው ይጠፋሉ። አንዳንድ ጠዋት ደግሞ ጭራሽ አይነሳም። ጋራዡ ሁለት ጊዜ ባትሪ ቀየረ፣ መኪናው የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አጠፋ፣ "ምንም የለውም" ብሎ መለሰልሽ። ንዴትሽ በደንብ ይገባኛል። እኔም በአዲስ መኪና አምስት ወር እንዲሁ ተንከራትቻለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንሽ። ከአሁን በኋላ ፎቶ ሳታነሺ ማንም ኮድ እንዳያጠፋብሽ። ኮዱ ምስክርሽ ነው። ኮድ የሚያነብ ጥሩ ማሽን ከኮዱ ጋር ችግሩ የተፈጠረበትን ቅጽበት ይዞ ያስቀምጣል፦ ፍጥነቱን፣ የሞተሩን ዙር፣ አንዳንዴም ቮልቱን። ያንንም አንሺው። "ፒ 0562" የሚል ካየሽ ቮልት ወርዷል ማለት ነው። በ"ዩ" የሚጀምሩ ብዙ ኮዶች ከሆኑ ደግሞ የመኪናው ኮምፒውተሮች እርስ በርስ መነጋገር አቅቷቸው ነበር።

ሦስት ዕቃ በአንድ ሴኮንድ አብሮ አይበላሽም። ስለዚህ ሦስቱን የሚያገናኛቸውን ፈልጊ። እሱም ኤሌክትሪኩ የሚመጣበት፣ በግራውንድ (በቦዲው ብረትና በኔጋቲቭ ገመዱ) በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት፣ ወይም የሚነጋገሩበት መስመር ነው። ለእኔ የኤቢኤስ ሴንሰር ቀየሩልኝ። በሳምንቱ ችግሩ ተመለሰ።

ነገሩ መስመር የያዘልኝ ደብተር መጻፍ ስጀምር ነው። በተከሰተ ቁጥር ሰዓቱን፣ ዝናብ መኖሩን፣ ጭነቱን፣ መንገዱን፣ ምን ምን በርቶ እንደነበር እጽፍ ነበር። ከዘጠኙ ጊዜ ሰባቱ ማታ፣ ኮረኮንች መንገድ ላይ ሆነ። ማታ ትልቁ መብራት በርቷል፣ ማራገቢያውም ይሠራል። ኮረኮንች ደግሞ ያንቀጠቅጣል። ብዙ ኤሌክትሪክ ሲፈለግና መኪናው ሲነቃነቅ ብቻ የሚመጣ ችግር የላላ ነገር አለ ማለት ነው።

ደብተሩን ያሳየሁት አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። በእጁ ቴስተር (ቮልትና አምፔር መለኪያ) ብቻ ነበር። "አስነሳው፣ መብራቱን በሙሉ አብራ፣ ማራገቢያውን መጨረሻ አድርገው" አለኝ። የቴስተሩን አንድ እግር የባትሪው ኔጋቲቭ እርሳስ ራሱ ላይ፣ ሌላውን ቀለም የሌለው የቦዲ ብረት ላይ አደረገ። 0.6 ቮልት አለ። "ይሄ ዜሮ አካባቢ ነበር መሆን ያለበት፣ 0.1 እንኳ ካለፈ እጠረጥራለሁ" አለኝ። ከዚያ ወፍራሙን የኔጋቲቭ ገመድ በእጁ ነቅነቅ ሲያደርገው ቁጥሩ ከ1 ቮልት በላይ ዘለለ። እዚያው ዓይኔ እያየ የኤቢኤስ መብራት በራ።

ገመዱ ቦዲው ላይ የሚታሰርበትን ቡሎን በ10 ቁልፍ ፈታው። ከወፍራሙ ገመድ ሥር የአንዲት ቀጭን ሽቦ ቀለበት ገብታለች። የጂፒኤስ ገጣሚው ያስገባት ናት። በእሷ ምክንያት ወፍራሙ ገመድ አጋድሞ ተቀምጧል፣ ቡሎኑም እስከ መጨረሻው አልጠበቀም። አፉ ዙሪያ አረንጓዴ ዝገት ጀምሮታል። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈገፈገው፣ ቀጭኗን ሽቦ ሌላ ቦታ አሰራት፣ ቡሎኑን አጠበቀ። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፣ አንድም ቀን አልተመለሰብኝም።

ስለዚህ አዲስ መኪና ሲያስቸግር ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተጨመረበትን ሁሉ አስቀድሜ አያለሁ። ጂፒኤስ፣ አላርም፣ ካሜራ፣ ቴፕ፣ የጭነት ቦታ መብራት፣ የተጎታች መሰኪያ። ከዳሽቦርዱ ሥርና ከኮፈኑ ውስጥ ናስትሮ የተጠቀለለበት ሽቦ ካገኘሽ ፎቶ አንሥተሽ ያዢ። የኋላ መብራቶቹን ሶኬትም ከፍተሽ እዪ። ከኋላ ፓራውልት አካባቢ ጭቃና ውሃ አይጠፋም፣ አንቺ ደግሞ እርጥብ አትክልት ነው የምትጭኚው።

ጠዋት አለመነሳቱን ለብቻው ብታዪው ይሻላል፣ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ጠዋት በር ሳትከፍቺ፣ ኮፈኑን ማታ ሳይቆለፍ ትተሽው፣ ባትሪውን ለኪ። 12.6 አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ገደማ ነው። 12 እና ከዚያ በታች ከሆነ ሌሊቱን የሚጠጣው ነገር አለ፣ ወይም ቀን በደንብ አልሞላም። ሞተሩ ተነሥቶ ከ13.8 እስከ 14.7 ባለው ውስጥ ካሳየ ዲናሞው ይሞላል። አዳዲስ መኪኖች ላይ ዲናሞውን ኮምፒውተር ስለሚያዘው ቮልቱ ለጊዜው ዝቅ ሊል ይችላል፣ አንዴ አይታችሁ ዲናሞ ሞቷል አትበሉ።

ሌሊት የሚጠጣውን ለማግኘት መኪናውን ቆልፊ፣ ቁልፉን ራቅ አድርጊ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። ኮምፒውተሮቹ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ጊዜ ይፈልጋሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና ያልሆነ ነገር ያገኛል። ከዚያ በኋላ መኪናው ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ መውሰድ የለበትም። 500 ሚሊ አምፔር ቢወስድ በቀን 12 አምፔር ሰዓት ነው። ሦስት ቀን የቆመ መኪና ከ70 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ያጣል። አዲስ ባትሪ ብትገዢም ያው ነው። ፊውዝ እየነቀለ የሚፈልግ ሠራተኛ ካለ አስቁሚው። ነቅሎ ሲመልስ የተኛውን ኮምፒውተር ይቀሰቅሰዋል። ፊውዙ ጀርባ ላይ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ሚሊ ቮልት መለካት ይበቃል። ዜሮ ያላለው ፊውዝ ላይ ኤሌክትሪክ እየሄደ ነው። ቴስተሩ አምፔር ለመለካት ከባትሪው ጋር ተያይዞ እያለ ሞተር እንዳታስነሺ፣ የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥልብሻል።

ግራውንዱ ንጹሕ ሆኖ የ"ዩ" ኮዶቹ ከተመለሱ ሠራተኛው ባትሪውን ፈትቶ ከመሪው ሥር ባለው የማሽን መሰኪያ 6ኛና 14ኛ ቀዳዳ መካከል ኦም ይለካ። 60 አካባቢ ደህና ነው። 120 ካለ ኮምፒውተሮቹ የሚነጋገሩበት መስመር አንዱ ጫፍ ተቋርጧል። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። ቢጫ ሶኬቶችን ግን ማንም እንዳይነካ፣ የኤርባግ ናቸው።

ዋስትናሽ ገና ስላለ የሰፈር ሠራተኛ ይለካ እንጂ ሽቦ እንዳይቆርጥ። በሄድሽ ቁጥር ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና ያልሽውን የሚገልጽ ወረቀት ተቀበዪ፣ "ምንም አልተገኘም" ቢሉም እሱኑ ይጻፉልሽ። መብራቶቹ ሲበሩ አጠገብሽ ያለ ሰው ቪዲዮ ያንሣ። ከዚያ ሠራተኛቸው አብሮሽ ተሳፍሮ መብራቱ በሚበራበት መንገድ ይሂድ። ግቢያቸው ውስጥ ቆሞ አያገኙትም።

ነገ ማታ ሞተሩን አስነሥተሽ፣ መብራቱንና ማራገቢያውን አብርተሽ፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ቦዲው ያለውን ለኪና ቁጥሩን እዚሁ ጻፊልኝ። ጂፒኤስ ተገጥሞበት ከሆነም ገጣሚው ሽቦውን የት እንዳሰረው ፎቶ ላኪ።