እሽጉ ላይ የተጻፈው ስም አያድናችሁም

ከለገጣፎ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ሻንጣ መቼም የብቻው ሆኖ አያውቅም። የጎረቤት በርበሬ፣ የአክስት ሽሮ፣ ያላያቸው ሰዎች የላኩት ድርቆሽ ይጨመርበታል። ባለፈው የበዓል ሰሞን እኔ ዘንድ ያረፈው የወንድሜ ልጅ ወደ ሚኒሶታ ሊመለስ ሲል አንዲት ጎረቤታችን በጥቁር ፌስታል የታሰረ፣ በፕላስተር ደጋግሞ የተጠቀለለ ዕቃ ይዘው መጡ። «ወንድሜ፣ ለልጄ ነው፤ የሽፈራው ቅጠል ነው፤ እንደ ሻይ አፍልቶ ይጠጣዋል» አሉኝ። እዚያው ፊታቸው ፈታሁት። ከላይ ጥቂት ሽሮ፣ ከሥር ደርቆ የተፈረፈረ አረንጓዴ ቅጠል። ሽፈራው አልነበረም፤ ጫት ነው። ሴትዮዋም የተነገራቸውን ነው የደገሙት፤ ጥቅሉን አስሮ የሰጣቸው የልጃቸው ጓደኛ ነው።

የወንድሜ ልጅ የተማረ ሰው ነው፤ ሆኖም «ጫት እኮ የተፈቀደ ነው» ከማለት አላለፈም። እዚህማ የተፈቀደ ነው። ከሰፈራችን እስከ ሰንዳፋ በየመንገዱ ዳር ይሸጣል፤ መንግሥትም ግብር ይሰበስብበታል። ተክሉ ራሱ በተባበሩት መንግሥታት ስምምነቶች ዝርዝር ውስጥ የለም። በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1971 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ስምምነት እጅግ ጥብቅ በሆነው ምድብ ውስጥ ይገኛል። አሜሪካም ከ1993 ጀምሮ ካቲኖንን ሄሮይን ባለበት አንደኛ ምድብ አስገብታዋለች። እዚያ ጉምሩክ ቅጠሉን የሚይዘው በስሙ ሳይሆን በላቦራቶሪ ውጤቱ ነው። «ሲደርቅ ኃይሉ ስለሚጠፋ አይጠየቁበትም» የሚለው ወሬም መሠረት የለውም፤ በደረቀ ቅጠልም ካቲኖን ይገኛል፤ ካቲኖኑ ቢጠፋ እንኳ የሚቀረው ካቲን የተባለው ሌላ ንጥረ ነገር በአሜሪካ ሕግ በአራተኛው ምድብ ሥር ነው። እንግሊዝ ጫትን በሰኔ 2014 ከልክላ ከተከለከሉ ዕፆች ሦስተኛ ደረጃ ውስጥ ስታስገባ፣ ለራሱ ይዞ የተገኘ ሰው መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ የ60 ፓውንድ ቅጣት፣ ሦስተኛ ላይ በፖሊስ መያዝ እንዲጠብቀው አድርጋለች። የሚያቀባብል ሰው ግን እስከ 14 ዓመት ሊፈረድበት ይችላል።

ይህን ሁሉ የማነሣው ስለ ጫት ብቻ አይደለም። ኬሚስቶች የካቲኖንን ቅርጽ በትንሹ እየለወጡ ሜፌድሮንን የመሰሉ ዱቄቶች ሠርተዋል፤ «የመታጠቢያ ጨው»፣ «የአትክልት ማዳበሪያ» እየተባሉ በየሱቁ ተሸጡ። በተመሳሳይ መንገድ ደረቅ ቅጠል ላይ የሐሺሽን ስሜት የሚፈጥር ኬሚካል ረጭተው «ዕጣን» ብለው አሸጉት። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ሕጉ በስም የከለከለውን ትተህ ስም ያልወጣለትን መሸጥ።

አሜሪካኖች ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ገና በ1986 ሕግ አውጥተዋል። በቅርጹና በሚያደርሰው ስሜት ከተከለከለ ዕፅ ጋር በእጅጉ የሚመሳሰል ነገር ለሰው ፍጆታ ከታሰበ፣ በዝርዝሩ ላይ ስሙ ባይኖርም እንደ አንደኛ ምድብ ዕፅ ይቆጠራል። በ2012 ደግሞ ኮንግረስ 26 ሰው ሠራሽ ንጥረ ነገሮችን በአንድ ጊዜ በአንደኛው ምድብ አስገባ። እንግሊዝ በ2016 ከዚያም ርቃ ሄደች፤ አልኮል፣ ትምባሆ፣ ቡና፣ ምግብና መድኃኒትን ከመሳሰሉት በስተቀር አእምሮን የሚለውጥ ማንኛውንም ነገር ለዚያ ዓላማ መሥራት፣ ማስገባትና መሸጥ እስከ 7 ዓመት ያሳስራል። ለራስ መያዝ ብቻ በዚያ ሕግ፣ ከእስር ቤት ውስጥ በቀር፣ ወንጀል አይደለም። ይሁን እንጂ ከኢንተርኔት አዝዞ ከውጭ ማስመጣት «መያዝ» ሳይሆን «ማስገባት» መሆኑን ስንቱ ወጣት ያውቃል?

እኔ በይበልጥ የምሰጋው ለሱቅ ሠራተኞቻችን ነው። በዋሽንግተን አካባቢ በነዳጅ ማደያና በትንንሽ ሱቆች ካሽ ሬጂስተር ኋላ የሚቆሙት ስንት የእኛ ልጆች እንደሆኑ ታውቃላችሁ። እኔም ለዓመታት እዚያ ቆሜአለሁ። አከፋፋዩ ይመጣል፤ ባለ ቀለም ከረጢት ያሳያል፤ ጀርባው ላይ «ለሰው ፍጆታ አይውልም» ተብሎ ተጽፏል። ባለቤቱ ከመደርደሪያው ሥር አስቀምጦ «ሰው ሲጠይቅ ብቻ አውጣ» ይላል። እስኪ አስቡት፤ ሦስት ግራም የማይሞላ ዕጣን ሃያና ሠላሳ ዶላር የሚያወጣው በምን ምክንያት ነው? መርካቶ በዚያ ገንዘብ ስንት ኪሎ ይሰጣል? ዐቃቤ ሕግም ዳኞቹን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ዋጋው፣ የተደበቀበት ቦታ፣ የገዢው አነጋገር ሁሉ ሠራተኛው ያውቅ እንደነበር ማስረጃ ይሆናል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 እንደወሰነው መንግሥት ተከሳሹ ማወቁን ማስረዳት አለበት፤ ነገር ግን የተከለከለ ነገር መሆኑን ካወቅህ የኬሚካሉን ስም አለማወቅህ አያድንህም፤ ምን እንደሆነ ካወቅህ ደግሞ ሕጉ እንደሚከለክለው አለማወቅህ አያድንህም። ቅጣቱ በፌዴራል ሕግ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። አሠሪህ ከመደርደሪያ ሥር እንድትሸጥ ካዘዘህ ሥራውን ልቀቅ፤ ሌላ ሱቅ ሞልቷል።

ግሪን ካርድ ላለው ሰው ጉዳዩ ከእስሩ በላይ ነው። በተከለከለ ዕፅ የተፈረደበት ሰው፣ 30 ግራም ወይም ከዚያ በታች የሆነ ማሪዋና ለራሱ በመያዝ አንድ ጊዜ ብቻ ከተፈረደበት በቀር፣ ከአገር ሊባረር ይችላል። ዜግነት የሌለው ሰው ክስ ባይመሠረትበትም ለኢሚግሬሽን መኮንን መፈጸሙን ማመኑ ብቻ እንዳይገባ ሊያስከለክለው ይችላል። ስለዚህ አየር ማረፊያ ላይ «አልፎ አልፎ እቅማለሁ፣ ባህላችን ነው» እያላችሁ ጨዋታ አትጀምሩ።

ወደዚህ ስትመጡም መንገዱ ሁለት አቅጣጫ አለው። በኮሎራዶ ወይም በካናዳ በደረሰኝ የገዛችሁት የማሪዋና ከረሜላ ቦሌ ላይ ከረሜላ አይደለም። የእኛ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ያለ ፈቃድ ማስገባትን ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ሲጋራ መሰሉ የኤሌክትሪክ ማጨሻም ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይመረመራል። በዱባይ በኩል የምታልፉ፣ ሐኪም ያዘዘላችሁን ትራማዶል ወይም ፕሪጋባሊን እንኳ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ አትያዙ። ስለ ሳዑዲ ብዙ አልልም፤ ዕፅ በማስገባት በሞት ከተቀጡት መካከል ኢትዮጵያውያን አሉ።

ከተያዛችሁ ሁለት ነገር ያዙ። ጠበቃ ሳይኖር ስለ ዕቃው አትናገሩ፤ «የማን እንደሆነ አላውቅም» ብሎ መጀመርና ኋላ ላይ መለወጥ ከዝምታው የከፋ ነው። ሁለተኛው በአሜሪካ ለሚኖር ነው፤ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ «ጥፋተኛ ነኝ ብትል በገደብ ትወጣለህ» ሲላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይህ ቃል ግሪን ካርዴን ምን ያደርገዋል ብላችሁ ጠይቁት። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተከላካይ ጠበቃ ይህን የመንገር ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። መልሱን ሳያውቅ ከቀረ የኢሚግሬሽን ጠበቃ እስክታማክሩ ቀጠሮ እንዲጠይቅላችሁ አድርጉ።