«በግል ጉዳይ» ብላችሁ ሥራ ከመልቀቃችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት በሰው ኃይል አስተዳደር ነው። የሴቶች መልቀቂያ ደብዳቤ ብዙ አንብቤያለሁ። «በግል ጉዳይ ምክንያት» ይላል ሁሉም። ሻይ አዝዤ፣ በር ዘግቼ ስጠይቅ ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ሞግዚቷ ዓረብ አገር ሄዳለች። አማት «ልጁ በሠራተኛ እጅ አደገ» ብለዋል። የማታ ፈረቃ ያላት ደግሞ ከታክሲ ወርዳ እስከ ቤቷ መብራት የለም፤ ጎረቤት «በዚህ ሰዓት ከየት ነው የምትመጣው?» ይላል።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል ለትዳሩ አይበጅም ካለ የሚስቱን ሥራ መቃወም ይችል ነበር። በ1992 የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ይህን አስቀርቶታል። ዛሬ ባል አፍ አውጥቶ መከልከል አያስፈልገውም። ሰፈሩ ይበቃል።

እድርን ተመልከቱ። እድር እወዳለሁ፤ ነገ የሚቀብረኝም እሱው ነው። ግን ለቅሶ ሲደርስ ወንዱ ድንኳን ተክሎ፣ ወንበር ደርድሮ ወደ ሥራው ይሄዳል (ካርታ ሊጫወት የሚቀረውን ትተን)። ሴቷ እንጀራ ይዛ ትመጣለች፣ ተራ ገብታ ወጥ ትሠራለች፣ እንግዳ ስታስተናግድ ትውላለች። ከቀረች ቅጣት አለባት። ቅጣቱስ ይከፈላል፤ የሚከብደው ሐሜቱ ነው፦ «ደሞዝተኛ ሆና ረሳችን»። የዓመት ፈቃዷ በሰው ለቅሶ ያልቅና ልጇ ሲታመም የሚተርፋት ቀን አይኖርም። ከዚያ ለዕድገት ስትወዳደር «ቀሪ ታበዛለች» ይባላል። ይህን በኮሚቴ ስብሰባ ላይ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እናንተ ሴቶች ልጆች፣ ከእድር አትውጡ። ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ግን ተገኙ። መተዳደሪያ ደንብ ይሻሻላል እኮ! ሥራ ያላት ተራዋን በገንዘብ ትሸፍን፣ ወጡን ሰው ተቀጥሮ ይሥራው፣ ወንዶችም መስተንግዶ ይግቡ በሉ። ዳኛው ይስቁ ይሆናል። ይሳቁ፤ ብቻ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። ብቻችሁንም አትናገሩ። አንድ ሁለት እናቶችን ቀድማችሁ ቤታቸው ሄዳችሁ አነጋግሩ።

ወንዶች ልጆች ደግሞ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ለአባት 3 ቀን ነው። 3 ቀን የገንፎውን እንግዳ እንኳ ሸኝቶ አይጨርስም። ከዓመት ፈቃዳችሁ ጨምሩበትና ቤት ዋሉ፤ ቡናውን እናንተ አፍሉ።

ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባም ፎርሙ ላይ የመጀመሪያው ስልክ የእናንተ ይሁን። ትኩሳት ይዞታል ተብሎ ሲደወል አለቃችሁ «ሚስትህስ?» ይላችኋል። «እሷም ሥራ ላይ ናት» ብላችሁ ውጡ።