ባለትዳርና የቢሮ ሠራተኛ ሆኖ ፍራንቸስካዊ መሆን ይቻላል?

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፤ በአዲስ አበባ የምኖር፣ በግእዝ ሥርዓት በሚቀደስበት የካቶሊክ ቁምስና የማስቀድስ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምሠራው በአንድ ድርጅት የግዢ ክፍል ውስጥ ነው። ሀብቱን ትቶ በድህነት የኖረውን የአሲሲውን ቅዱስ ፍራንቸስኮስን ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ፤ ምእመናንም የእርሱን መንገድ ተከትለው የሚኖሩበት ማኅበር እንዳለ በቅርቡ ሰማሁ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ለሆነው ባለቤቴ ነገሩን ባነሣለት «ልትመነኩሺ ነው ወይስ ያለንን ለድኻ ልትበትኚ?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር መልስ አጣሁለት። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ ባለቤትዎ የጠየቁት ጥያቄ ተገቢ ነው፤ አንዳች ክፋትም አላይበትም። መልሱ ግን ሁለቱም አይደለም። የምእመናን ፍራንቸስካውያን ማኅበር አባላት በድንግልና፣ በድህነትና በመታዘዝ መሐላ አይታሰሩም፤ በቤታቸው፣ በትዳራቸውና በሥራቸው እንዳሉ ወንጌልን በፍራንቸስኮስ አርአያ ለመኖር ቃል ይገባሉ። ይህ ቃል በባሕርዩ የዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህም የመተዋወቂያው ጊዜ ሲያበቃ ቢያንስ አንድ ዓመት የሚወስድ ሕንጸት፣ ማለትም የትምህርትና የዝግጅት ጊዜ፣ ይከተላል፤ ማንም ሰው በአንድ እሑድ ስሜት ተነሥቶ ቃል አይገባም።

የማኅበሩ ታሪክ ለባለቤትዎ ሥጋት የቀረበ ነው። በ1221 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) በተጻፈው የመጀመሪያው የአኗኗር ደንብ አባላቱ «የንስሐ ወንድሞችና እኅቶች» ይባሉ ነበር። ደንቡ ባለትዳር ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ እንዳትገባ ይከለክል ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1978 ዓ.ም. ባጸደቁት የዛሬው ደንብ ይህ አንቀጽ የለም፤ እኔ ግን ከባለቤትዎ ጋር ሳይመክሩበት ቢገቡ አልደግፍዎትም። ደንቡ ራሱ አባላት በቤተሰባቸው ውስጥ የሰላምን፣ የታማኝነትንና ሕይወትን የማክበርን መንፈስ እንዲያሳድጉ ይጠይቃል፤ ባልን አስቆጥቶ የሚጀመር ፍራንቸስካዊነት ደግሞ በዚህ አንቀጽ ላይ ከመነሻው ይሰናከላል። ባለቤትዎ አባል መሆን አይጠበቅባቸውም፤ ነገር ግን ከሚያውቁት የጾምና የንስሐ ሥርዓት ጋር ይህ መንገድ ምን ያህል እንደሚቀራረብ ቢያስረዱዋቸው የሚደነቁ ይመስለኛል።

«ንስሐ» ስንል ብዙዎቻችን ወደ ካህን የምንሄድበትን ዕለት ብቻ እናስባለን፤ እዚህ ላይ ግን ቃሉ በየዕለቱ ራስን ወደ እግዚአብሔር መመለስን ነው የሚያመለክተው። ይህም በእርስዎ በኩል የሚፈተነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በጸሎት ቤት ሳይሆን በግዢ ክፍል ነው። የ1221ዱ ደንብ አንድ ሰው ከመግባቱ በፊት ዕዳውን እንዲከፍል፣ ያለ አግባብ የያዘውን የሰው ንብረት እንዲመልስና ከተጣላው ጋር እንዲታረቅ ያዝ ነበር። ዛሬ ከሦስት ሻጮች ዋጋ ሲሰበስቡ «ለሻይ» የሚል ፖስታ ቢመጣልዎት፣ ወይም አለቃዎ አሸናፊው አስቀድሞ የታወቀበትን ጨረታ እንዲፈርሙ ቢያዝዎት፣ ስምንት መቶ ዓመት የሆነው ያ ጥያቄ ጠረጴዛዎ ላይ ይቀመጣል። ብዙ ሰዎች ድህነት የሚባለውን ከነጠላ ልብስና ከባዶ እግር ጋር ያያይዙታል፤ በእኔ እይታ ግን በደመወዝ ለሚኖር ሰው ከባዱ ድህነት ይህን ፖስታ ሳይነኩ መመለስ ነው። የቤት ሠራተኛ ካለችዎት እርሷ ምን እንደምትበላና መቼ እንደምታርፍም ከዚሁ ጉዳይ ውስጥ ነው።

ንብረትን መበተን በሚለው ላይ ልመለስና፦ ደንቡ ከሀብት መላቀቅንና ፍላጎትን ማቅለልን እንጂ የልጆችን ድርሻ ማባከንን አይጠይቅም። ማኅበሩ ከሚያከብራቸው ሁለት ጠባቂ ቅዱሳን አንዱ፣ በ1270 ዓ.ም. ያረፈው የፈረንሣይ ንጉሥ ሉዊስ 9ኛ የአሥራ አንድ ልጆች አባት ነበር፤ ሁለተኛይቱ፣ የሃንጋሪዋ ቅድስት ኤልሳቤጥ ደግሞ በ1231 ዓ.ም. በሃያ አራት ዓመቷ ያረፈች የሦስት ልጆች እናት ነበረች። ሁለቱም ትዳር የነበራቸው ናቸው።

የግእዝ ሥርዓትዎን የሚያስለቅቅዎት ነገር የለም። ደንቡ በቤተ ክርስቲያን ከተፈቀዱት የጸሎት ሥርዓቶች በአንዱ መሳተፍን ስለሚያዝ፣ ቅዳሴው፣ ሰዓታቱና ጾሙ እንዳሉ የእርስዎ ናቸው። በአገራችንም የፍራንቸስኮስ ልጆች እንግዳ አይደሉም፤ ካፑቺን ከሚባለው የፍራንቸስካውያን ገዳማውያን ክፍል የሆኑት አጋታንጀሎና ካሲያኖ በ1638 ዓ.ም. በጎንደር ለሰማዕትነት የበቁ ሲሆን፣ ካፑቺኑ ጉሊየልሞ ማሳያ ደግሞ በ1846 ዓ.ም. ተልእኮውን ጀምሯል።

ይህ ጥሪ ግን ብቻውን ለሚጓዝ አይደለም። ሙሉ ሕጋዊ መቋቋም ያገኘ አንድ ኅብረት (በየአጥቢያው የሚሰበሰበው የማኅበሩ ክፍል) ቢያንስ አምስት ቃል የገቡ አባላት ሊኖሩት ይገባል፤ የሚመራውም በአባላቱ በተመረጠ ምክር ቤት ነው፤ መንፈሳዊ ረዳቱን የሚሰጡት የፍራንቸስኮስ ገዳማውያን ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ በቁምስናዎ ካህን በኩል የካፑቺን አባቶችን ያግኙ፤ በአቅራቢያዎ ኅብረት ካለ የስብሰባውን ቀን ይነግሩዎታል፤ ከሌለም ወደሚቀርብዎት ይመሩዎታል። ወደ ስብሰባው በእንግድነት ሲሄዱ ባለቤትዎን ይዘው ቢሄዱ መልካም ነው፤ «ልትመነኩሺ ነው?» ያሉትን ጥያቄ ባለትዳሮቹን አባላት ራሳቸው ቢጠይቋቸው የተሻለ መልስ ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ ሌጌዎ ማርያም የተባለው የምእመናን የጸሎትና የአገልግሎት ማኅበር አባል ነኝ፤ ሁለቱን መያዝ እችላለሁ?

መልስ፦ አዎን። የማኅበሩ ደንብ የሚከለክለው በሌላ ገዳማዊ ማኅበር በዕድሜ ልክ ቃል መታሰርን ነው፤ ሌጌዎ ማርያም ይህን ቃል አያስገባም። የሳምንቱን ስብሰባና የጉብኝት ሥራ ከወርሃዊው የፍራንቸስካውያን ስብሰባ ጋር ማስማማት ግን የእርስዎ ሥራ ነው፤ ልጅ ያለዎት ከሆነ ሁለቱን አንድ ላይ አይጀምሩ ብዬ እመክራለሁ።